ስለ ቀበሮው ስትጽፉ ውሻውን አትርሱት

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በጋዜጣችሁ ላይ ስለ ቀይ ቀበሮ የሚወጣውን ሁሉ አንብቤ ቆርጬ አስቀምጣለሁ። ፎቶው ሁልጊዜ ያምራል። ጽሑፉም ብዙ ጊዜ ያው ነው፦ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ፣ ለአካለ መጠን የደረሰው ቁጥሩ 500 የማይሞላ፣ ጥበቃ የሚያሻው እንስሳ። ሁሉም እውነት ነው። እኔ ግን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኜ የመንዝን ቀበሌዎች ስዞር የኖርሁ ሰው ነኝና ከነዚያ ጽሑፎች ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ነገር ሲጎድል አያለሁ። ውሻ የለባቸውም። ስለ ጓሳ ቀበሮ ጽፎ የመንዝን ውሻ መተው ስለ ወባ ጽፎ ትንኟን እንደ መርሳት ነው።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ወቀሳው ብቻ አይደለም። በእኛ አካባቢ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ አለች። የጎደለውን ነገር ከእናንተም ከእኔም መሥሪያ ቤት ቀድማ ያየችው እርሷ ናት። ስሟን አልጽፍም። አባቷ «ልጄን ጋዜጣ ላይ አታውጡብኝ» ብለውኛል፤ ቃላቸውን አከብራለሁ።

በመጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ጓሳ እዚሁ መንዝ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን የሣርና የቁጥቋጦ ምድር ነው። ቀበሮው ኑሮው እዚያ ነው። ግልገል ነክቶ አያውቅም ብዬ አልምልም፤ በመንዝ ይህን የሚምል በግ አርቢ አታገኙም። ዋና ቀለቡ ግን አይጥና ፍልፈል ነው። አደኑን ብቻውን ያድናል፤ ኑሮው ግን የቤተሰብ ነው። ማለዳና አመሻሽ ላይ ተሰባስበው ወሰናቸውን ይዞራሉ፤ ሲገናኙ አፍ ለአፍ ይተሻሻሉ፣ ይላላሳሉ። የሚጨርሳቸውም ይኸው ፍቅራቸው ነው። አንዱን የእብድ ውሻ በሽታ ከያዘው በሽታው ቤተሰቡን ሳያዳርስ አይመለስም። ባሌ ላይ እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992 የታየው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ እዚያው ባሌ በወብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል አለቁ። በሽታው የሚመጣባቸው ከሰው ውሻ ነው። ባሌ ከሀገሪቱ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያሉበት ስለሆነ ከጊዜ በኋላ አገገመ። የእኛዎቹ ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው። እንዲያ ያለ ዓመት አንድ ጊዜ ቢመጣ ጓሳ እንደ ጮቄና እንደ ጉና ተራራ ይሆናል፤ እዚያም ቀበሮ ነበረ፣ ዛሬ የለም።

ወደ ውሻው ልምጣ። በእኛ ሀገር ውሻ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ጅብ አለ፣ ሌባ አለ፣ በረት አለ። ውሻው ሌሊት ደጅ ሲጠብቅ ያድርና ቀን ከእረኛው ኋላ ኋላ እያለ የጓሳ ዳር ላይ ይውላል። ከብት ሞቶ ሲጣል ደግሞ ጥንቡ ላይ ቀበሮውም ውሻውም ይገናኛሉ። ይህን ለማቆም ውሻን ማሰር አይቻልም፤ የታሰረ ውሻ ለመንዝ ገበሬ ምንም አይሠራለትም። የሚቻለው መከተብ ነው። በሙያችን የሚታወቀው ልክ ከመቶ ውሻ ሰባው ከተከተበ በሽታው መተላለፊያ አጥቶ እንደሚቆም ነው። ታዲያ ከስንት መቶ? እዚህ ላይ ነው ሁላችንም የምንጠፋው። የውሻውን ቁጥር የሚያውቅ የለም።

የማይታወቀው ስላልተጠየቀ አይደለም። ተጠይቋል። መዝገብ የያዘ፣ ጫማ ያደረገ ሰው ከወረዳ መጥቶ «ስንት ውሻ አላችሁ?» ሲል የመንዝ ሰው ምን ብሎ እንደሚመልስ ለማወቅ መንዝ መወለድ አያስፈልግም። ግብር ሊጣልብን ነው ይላል። ወይም ከተማ ውስጥ ውሻ በመርዝ ሲፈጅ አይቶ ይሆናል፤ ሊገድሉብን ነው ይላል። አራት ያለው «አንድ ነው፤ እሱም አሮጌ ነው» ብሎ ይገላገላል። መዝገቡ ላይ የሚሰፍረውም ይኸው አንድ አሮጌ ውሻ ነው። ክትባቱ በዚያ ቁጥር ልክ ይጠየቃል፣ በዚያ ቁጥር ልክ ይመጣል፣ ሪፖርቱም «መቶ በመቶ ተከትቧል» ተብሎ ይጻፋል። መቶ በመቶ! ማታ ማታ የሚጮኸው ውሻ ሁሉ ታዲያ የማን ነው?

ልጅቱ ወደዚህ ሥራ የገባችው በአጋጣሚ ነው። የትምህርት ቤቷ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተማሪዎቹን በየመንደራቸው ወፍ ቆጥረው እንዲመጡ አዘዛቸው። እርሷ ውሻ ቆጥራ ሄደች። ለምን ብዬ ብጠይቃት «ጋሼ፣ ወፎቹ እየበረሩ አስቸገሩኝ። ውሻ ግን ቤቱ ይታወቃል» አለችኝ። ክበቡ ሥራዋን አልተቀበለውም፤ እርሷም አላቆመችም። ደብተሩን ይዛ እኔ ዘንድ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው።

ደብተሩን ላሳያችሁ ብችል ደስ ባለኝ። ካሬ ካሬ መስመር ያለው የሒሳብ ደብተር ነው። በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ የባለቤቱ ስም አለ፤ ከሥሩ ውሾቹ በየስማቸው ተዘርዝረዋል፦ ነብሮ፣ ቡቺ፣ ማን አለብኝ። ከስሙ ቀጥሎ ቀለም፣ ከቀለሙ ቀጥሎ ጾታ፣ ከዚያ ዕድሜ። ዕድሜውን በወር አልጻፈችውም፤ ባለቤቶቹ በወር ስለማያውቁት «ካቻምና ለጥምቀት የተወለደ»፣ «የታላቋ ልጅ ሠርግ ጊዜ ቡችላ የነበረ» ብላለች። ከኔ መሥሪያ ቤት ቅጽ ይልቅ ይህ ይታመናል። «ጠባይ» የሚል ዓምድም አለው። እዚያ ውስጥ «ይጮኻል እንጂ አይነክስም»፣ «ሴት ካልያዘችው አይቻልም»፣ «ከኋላ ይመጣል» የሚሉ ማስታወሻዎች አሉ። መርፌ ይዞ በየግቢው ለሚገባ ሰው ይህ ዓምድ ምን ማለት እንደሆነ የተነከሰ ያውቀዋል።

ከሁሉ የበለጠው ግን የመጨረሻው ዓምድ ነው፤ «የት ይውላል?» ይላል። ከሥሩ «ደጅ»፣ «ገበያ»፣ «በግ ተከትሎ»፣ «ጓሳ ዳር» ተብሎ ተሞልቷል። ክትባት ሁልጊዜ እጥረት አለበትና ከማን እንጀምር የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ጓሳ ዳር የሚውለው ውሻ ቤት ከሚውለው መቅደም አለበት። ይህን በስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ ተናግረነዋል፤ ግን የትኛው ውሻ የት እንደሚውል የሚነግረን አልነበረም። እርሷ ማንን እንደምትጠይቅ ታውቃለች። ውሻው የት እንደሚውል ባለቤቱን አትጠይቅም፤ እረኞቹን ትጠይቃለች። ልጅ ለልጅ አይዋሽም።

በቅርቡ ለክትባት በወጣንበት ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። አንዲት እናት ሁለት ውሻ አቅርበው «ያሉኝ እነዚህ ናቸው» አሉ። ልጅቱ ከደብተሯ ቀና ብላ «እትዬ፣ ነብሮስ? ከልጅዎ ጋር ጓሳ የወጣው» አለቻቸው። ሴትዮዋ አፋቸውን በነጠላቸው ከድነው ሳቁና «አንቺ ልጅ፣ ቤቴን ቆጥረሽ ትኖሪያለሽ እንዴ!» አሉ። ነብሮ ተጠርቶ መጣ። ደረቱ ሰፊ፣ አንድ ጆሮው የተቦጨቀ፣ ወይፈን የሚያህል ውሻ ነው። ያሰሩት በጓሳ ሣር ገመድ ነበር። የኛ ሰው ጓሳን ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለብዙ ነገር ያውለዋል፤ ገመዱ ጠንካራ ነው፣ ግን ሲጎተት ይሸረካክታል። ሴትዮዋ የውሻውን አንገት በጉልበታቸው መሐል አድርገው ዓይኑን በጋቢ ሸፈኑለት፤ እኔ ከበረዶ ሣጥኑ ብልቃጡን አውጥቼ ወጋሁት። ልጅቱ ሦስት ሜትር ያህል ርቃ ቆማ «ነብሮ» ከሚለው ስም ጎን ምልክት አደረገች። ቀይ የጨርቅ ቁራጭ አንገቱ ላይ ያሰሩለትም ባለቤቲቱ ናቸው።

ርቃ መቆሟን የጻፍሁት በምክንያት ነው። ውሻ አትነካም። ይህን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አባቷም አብረውኝ ቆመዋል። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ተማሪ ሌላ ቦታም ካለ መምህራኑ ይህን አጥብቀው ይያዙ። ልጅ ይጠይቅ፣ ይጻፍ፣ ይቁጠር። መያዝና መውጋት የባለቤቱና የባለሙያው ሥራ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍበት የለም ማለት ይቻላል። በእኛ አካባቢ ደግሞ ዛሬም የተነከሰ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ባህል መድኃኒት ነው። ሽማግሌዎቹ ሆድ ላይ የሚወጋውን የድሮውን መርፌ ስለሚያስታውሱ ጤና ጣቢያ ይፈራሉ። ስለዚህ እግረ መንገዴን፦ ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠበው፤ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ። አንድ አንባቢ እንኳ ይህን ይዞ ቢቀር ደብዳቤው አልከሰረም።

«ሰው እየሞተ ለቀበሮ ታስባላችሁ» የሚሉ አሉ። በስብሰባም ሰምቻለሁ፤ በመንገድም ሰምቻለሁ። ክርክሩ ይገርመኛል። የምንከትበው እኮ ውሻ ነው። ነብሮ ካልታመመ የሴትዮዋ ልጅ አይነከስም፤ ቀበሮውም አይሞትም። በሁለት መርፌ አይደለም፣ በአንዱ ነው።

ልጅቱ ስለ ቀበሮው ራሱ ግድ የላትም እንዳትሉ ደግሞ ሌላ ነገር ልጨምር። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ መንጋ ሆነው ሜዳው ላይ ሣር ሲነጩ ቀበሮው መሐላቸው ገብቶ እንደሚያድን እረኞች ነግረዋት፣ እርሷም ከአባቷ ጋር ሄዳ አይታ፣ ለእኔ እንደ አዲስ ነገር አወራችልኝ። አዲስ ነገር ሆኖ ያገኙት ሳይንቲስቶችም አሉ። ይኸው በጓሳ የተጠና፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ቀበሮ ጭላዳ መሐል ሆኖ ሲያድን ከመቶ ሙከራው 67 ያህሉ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን 25 ብቻ። ጭላዳዎቹ ቀበሮውን አይሸሹትም፤ እርሱም ግልገሎቻቸውን ትቶ አይጧን ይጠብቃል። ይህን ስነግራት «ታዲያ ውሻ ሲመጣ ሁሉም ገደል ይወርዳሉ፤ ቀበሮው ምሳው ቀረ ማለት ነው» አለች። ልጅቷ ነገር ሁሉ ወደ ውሻ ነው የሚመለስላት። እውነትም ነው፤ ውሻ ሳይታመምም ይጎዳል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ። ውሻ ዕድሜው አጭር ነው፤ ቡችላ በየጊዜው ይወለዳል፤ ዘንድሮ ሰባ በመቶ የተከተበ ቀበሌ ካልተደገመ ከጥቂት ዓመት በኋላ እንዳልተከተበ ይሆናል። ስለዚህ የውሻ መዝገብ አንዴ ተሠርቶ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ነገር አይደለም፤ በየጊዜው ይታደሳል። ልጅቱ የምታድሰው እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነው። የማን ውሻ ወለደች፣ የማን ውሻ ጅብ በላው፣ ማን ለማን ቡችላ ሰጠ፣ ሁሉንም ሴቶቹ ይነግሯታል። ይህን የሚያህል መረጃ ይዘን ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን። የተሰጠን መልስ «ማኅተም የሌለው መረጃ አንቀበልም» የሚል ነው። ማኅተም ያለው መረጃ የትኛው እንደሆነ ከላይ ነግሬያችኋለሁ፤ አንድ አሮጌ ውሻ።

ክትባቱ የሚመጣበት ጊዜም ሌላ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ የሚደርሰን በበልግ የገብስ እርሻ መሐል ነው። ያን ጊዜ ገበሬው ማሳ ላይ፣ ውሻውም ከገበሬው ጋር ነው፤ እኛ ባዶ ቤት እያንኳኳን እንዞራለን። ብልቃጡ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለበት፤ በረዶው ሲቀልጥ ሥራው አብሮ ያልቃል። የቀበሮዋ መውለጃ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ውሻው ከዚያ በፊት ተከትቦ ማለቅ ነበረበት። ይህን ለማስተካከል ገንዘብ አይጠይቅም፤ የቀን መቁጠሪያ ማየት ይበቃል።

ትምህርት ቤቱንም ሳልናገር አላልፍም። አንድ መምህር «ይህ ነገር ፈተና ላይ አይወጣም፤ ጊዜሽን አታባክኚ» ብሎ መክሯታል። ለልጅቱ አስቦ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ የእኛ ሀገር ልጅ ያለ ፈተና መውጫ የላትም። ነገር ግን ይህች ልጅ በደብተሯ የሠራችው ሥራ መቶኛ አለው፣ ሠንጠረዥ አለው፣ የበሽታ መተላለፊያ አለው። የባዮሎጂና የሒሳብ ትምህርት ሌላ ምንድን ነው? ለተማሪ የሚሰጠው የክፍል ፕሮጀክት ብዙውን ጊዜ ከመጽሐፍ የተገለበጠ የሕዋስ ሥዕል ነው። ከዚያ ይልቅ የቀበሌዋን ውሻ የቆጠረችውን ቢያርሙላት ምን ይጎዳል?

አባቶቻችን ጓሳን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባለው ባህላዊ ሥርዓት ጠብቀውታል። የሥርዓቱ አለቃ አባ ቄራው ሲዘጋው ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲከፍተው ይታጨዳል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ላላ፤ ሕዝቡ እንደገና ኮሚቴ አቁሞ፣ ጠባቂ ቀጥሮ ነው እስከ ዛሬ ያቆየው። ያ ሥርዓት የሚጠብቀው ሣሩን ከማጭድና ከከብት አፍ ነበር። የዛሬው አደጋ በውሻ ምራቅ ስለሚገባ ማጭድ በመከልከል አይቆምም። ለዚህኛው የሚያስፈልገው የልጅቱ ዓይነት ደብተር ነው፤ ደግሞም በአንድ ቀበሌ ብቻ አይበቃም፤ ጓሳን በሚያዋስኑት ቀበሌዎች ሁሉ ያስፈልጋል። በየትምህርት ቤቱ ሁለት ሦስት ልጅ ይህን መሥራት ይችላል። ባሌ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ቀበሮዎቹ ራሳቸው በፍየል ሥጋ ውስጥ በተቀመጠ ክትባት መከተብ ጀምረዋል፤ ትልቅ እርምጃ ነው። የውሻውን ቆጠራ ግን አይተካም።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው። ስለ ቀይ ቀበሮ በድጋሚ ስትጽፉ የሚመለከታቸውን ሰዎች ሁለት ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ በጓሳ ዙሪያ ስንት ውሻ አለ? ዘንድሮስ ክትባቱ በየትኛው ወር ይመጣል? መልሱን ከነማኅተሙ አትሙት። እኛም ከደብተሩ ጋር እናስተያየዋለን።

ጋዜጠኛ ልካችሁ ልጅቱን ማነጋገር ከፈለጋችሁ አባቷ ስሟና ፎቶዋ እስካልወጣ ድረስ ፈቅደዋል። ብቻ እሑድ አትምጡ፤ ከቅዳሴ በኋላ ሥራ አላት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ
ከመንዝ፣ መሃል ሜዳ አካባቢ